ኬሞው ከመጀመሩ በፊት፦ ካንሰር የያዛቸውን ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች የመውለድ አቅም ለመጠበቅ፣ ለባሕር ዳርና ለጣና ዙሪያ ቤተሰቦች የተዘጋጀ መመሪያ

ልጁ ካንሰር እንዳለባት የተነገረው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትድናለች ወይ?» ብሎ ነው፤ መቅደም ያለበትም ይኸው ጥያቄ ነው። «ከዳነች በኋላ መውለድ ትችላለች ወይ?» የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሕክምናው አልቆ፣ ፀጉሯ በቅሎ፣ ትምህርቷን ቀጥላ፣ ትዳር ሲታሰብ ነው። ያን ጊዜ ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው። የመውለድ አቅምን ለመጠበቅ የሚደረገው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራው የምርመራው ውጤት ከታወቀበት ቀን አንስቶ የመጀመሪያው የኬሞ (ካንሰርን የሚገድል) መድኃኒት በደም ሥር እስከሚገባበት ቀን ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ጊዜ ውስጥ ላሉ ወላጆች፣ ባሎች፣ እህቶችና ከሁሉም በላይ ለራሷ ለታማሚዋ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣበትን መንገድ አስቀድሞ መረዳት የቀረውን ሁሉ ያቀላል። ሴት ልጅ ስትወለድ በሁለቱ ኦቫሪዎቿ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመቱ ያልበሰሉ እንቁላሎች አሏት፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የሚቀሩት ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ናቸው፤ ከዚያ በኋላም እየቀነሱ ይሄዳሉ እንጂ አዲስ አይተካም። ጎተራ ውስጥ እንዳለ፣ ምርት እንደማይጨመርበት እህል ነው። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችና የጨረር ሕክምና ይህን ክምችት በአንድ ጊዜ ያመናምኑታል። ትንሽ ልጅ ብዙ ክምችት ስላላት ከ35 ዓመት ሴት ይልቅ ትቋቋማለች፤ ነገር ግን የወር አበባዋ ከሕክምናው በኋላ ቢመለስም እንኳ ክምችቷ ቀድሞ ሊያልቅና በ30ዎቹ ዕድሜዋ ልታርጥ ትችላለች።

አንደኛ፦ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በስም ይጠይቁ

«ኬሞ መካን ያደርጋል» ማለትም ሆነ «ምንም አያደርግም» ማለት ትክክል አይደለም፤ መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነና መጠኑ ስንት እንደሆነ ይወስነዋል። ኦቫሪን በብርቱ ከሚጎዱት ውስጥ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ አይፎስፋማይድ፣ ቡሰልፋን፣ ሜልፋላንና ፕሮካርባዚን ይገኛሉ፤ ጠቅላላ መጠናቸው በጨመረ ቁጥር ጉዳቱም ይጨምራል። ዶክሶሩቢሲንና ሲስፕላቲን መካከለኛ ናቸው። ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ብሊዮማይሲንና አክቲኖማይሲን በአንጻሩ አነስተኛ ጉዳት ያላቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት በልጆች ላይ በብዛት የሚታየውን የደም ካንሰር በተለመደው መንገድ የታከመች ልጅ፣ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ካላስፈለጋት በቀር፣ ወደፊት የመውለድ ተስፋዋ ጥሩ ነው። ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ዕጢ ይዟት ሜቶትሬክሴት ብቻ የወሰደች ወጣትም አብዛኛውን ጊዜ ትወልዳለች። ይህን መስማት ራሱ ዕረፍት ስለሚሰጥ፣ አደጋው ዝቅተኛ በሆነበት ሁኔታ እንኳ ጥያቄውን መጠየቅ ዋጋ አለው።

ጨረር ለብቻው ሊታሰብ ይገባል። ኦቫሪ ላይ የሚያርፍ 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) የማይሞላ መጠን እንኳ ካሉት እንቁላሎች ግማሽ ያህሉን ለማጥፋት በቂ ነው፤ ለማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር በዳሌ ላይ የሚሰጠው ጨረር ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከንቅለ ተከላ በፊት መላ ሰውነት ላይ የሚሰጥ ጨረርም ኦቫሪን ክፉኛ ይጎዳል። በዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር ማኅፀኑንም አድርቆ እንደ ልብ እንዳይለጠጥ ያደርገዋል፤ ስለዚህ እንቁላል ቢተርፍም ፅንስ የመጨንገፍና ልጅ ያለ ጊዜው የመወለድ ዕድል ይጨምራል። ጭንቅላት ላይ የሚሰጥ ጨረር ደግሞ አንጎል ሥር ያለውንና በሆርሞን ኦቫሪን የሚያዝዘውን ጤነኛ ዕጢ ሊጎዳ ይችላል፤ ያኔ እንቁላሎቹ አሉ፤ የሚጎድለው ትእዛዙ ስለሆነ በሆርሞን መርፌ ሊረዳ ይችላል።

ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ በዚህ መልክ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «ዶክተር፣ ለልጄ የታዘዘው መድኃኒት ስሙ ማን ነው? ኦቫሪዋን የመጉዳት አደጋው ከፍተኛ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ ዝቅተኛ? በሽታውን በእኩል ደረጃ የሚያድን፣ ጉዳቱ ያነሰ አማራጭ አለ ወይ? ሕክምናው ስንት ቀን መዘግየት ይችላል?» መልሱን እዚያው በወረቀት ይጻፉት። ሐኪሙ ቢቸኩልም አይፈሩ፤ ይህ ቅንጦት አይደለም፣ የሕክምናው አካል ነው። በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የካንሰር ሐኪሙንና የማኅፀንና ፅንስ ሐኪሙን አንድ ላይ የሚያገናኝ የሪፈር ወረቀት መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሁለተኛ፦ ያለውን ቀን ይቁጠሩ

የቀሩት አማራጮች ሁሉ በዚህ መልስ ላይ የቆሙ ናቸው። አብዛኛው የጡት ካንሰርና ብዙው የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ዝግጅት ጊዜ ይሰጣል። ድንገተኛ የደም ካንሰር ወይም ትንፋሽ የሚያሳጣ የደረት ዕጢ ግን ቀን አይሰጥም፤ በዚያ ሁኔታ ሕክምናው መጀመር አለበት፤ ለመውለድ ሲባል ሕይወት ለአደጋ አይጋለጥም። በሽታው ከተመለሰ ወይም ንቅለ ተከላ ካስፈለገ በመካከል ሌላ ዕድል ሊገኝ ስለሚችል፣ ጥያቄው በዚያን ጊዜ እንደገና ይነሳ። ኬሞ በተወሰደ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚወጣ እንቁላል ግን የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል አይመከርም።

በአካባቢያችን ቀኑን የሚበላው ብዙውን ጊዜ በሽታው ሳይሆን ምልልሱ ነው። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ቤተሰብ ለናሙና ውጤት፣ ለሪፈርና ለገንዘብ ሲመላለስ ሳምንታት ያልፉበታል። ፀበል ለመጠመቅ ቀጠሮ የሚያሳልፉም አሉ። እምነትንና ሕክምናን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፤ የንስሐ አባት ባሉበት ተነጋግሮ ጸሎቱን ሳያቋርጡ ቀጠሮውን መጠበቅ የሚቻል ስለሆነ፣ አንዱ ሌላውን እንዲያስቀር መፍቀድ አያስፈልግም። ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ ቤተሰቡ ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ቢቆይ፣ የማኅፀን ሐኪሙም ጉዳይ ውጤቱ ሳይጠበቅ ከወዲሁ ቢጀመር ብዙ ቀን ይተርፋል።

ሦስተኛ፦ ለዚህች ልጅ የሚሆነውን መንገድ ይለዩ

የወር አበባ ያየች ልጃገረድ ወይም ሴት ከሆነች፣ በጥሩ ሁኔታ የተረጋገጠው መንገድ እንቁላልን አውጥቶ ማቀዝቀዝ ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን በየዕለቱ የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፤ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ እንቁላሎቹ ሲበስሉ ለአጭር ጊዜ በሚያስተኛ መድኃኒት ተኝታ በቀጭን መርፌ ይወሰዳሉ፤ ከዚያም በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣሉ። ቀድሞ የወር አበባን መጀመሪያ ቀን መጠበቅ ግድ ነበር፤ አሁን በማንኛውም ቀን መጀመር ስለሚቻል ሁለት ሳምንት ያህል ይበቃል። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ዘዴ ከሙከራ ደረጃ አውጥቶታል። ባል ያላት ሴት ከባሏ ዘር ጋር ተዋሕዶ የተፈጠረውን ፅንስ ማስቀመጥም ትችላለች፤ ሆኖም የፅንሱ ባለቤትነት የሁለቱ ስለሚሆንና የሃይማኖት ጥያቄም ስለሚያስነሳ፣ በተለይ ለወጣቶች እንቁላሉን ብቻ ማስቀመጡ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ስጋቶች እዚህ ላይ ይነሳሉ። የመጀመሪያው የጡት ካንሰር ያለባት ሴት በሆርሞን መርፌው ኤስትሮጅኗ ከፍ ብሎ በሽታው ይባባሳል የሚለው ነው፤ ለዚህም ሌትሮዞል የተባለ ክኒን አብሮ በመስጠት ኤስትሮጅኑ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ሁለተኛው ብዙ እናቶች በሹክሹክታ የሚጠይቁት ነው፦ ያላገባች ልጅ ድንግልናዋ ይነካል ወይ? እንቁላል የሚወሰደውም ሆነ የአልትራሳውንድ ክትትሉ የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ በብልት በኩል ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ክትትሉን በሆድ ላይ በሚደረግ አልትራሳውንድ ማካሄድ፣ እንቁላሉንም በሆድ በኩል መውሰድ በአንዳንድ ሁኔታ ይቻላል። ይህን አፍሮ ከመተው በፊት ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ፣ የልጅቱንም ፈቃድ መስማት ይገባል፤ ገላዋ የራሷ ነውና።

የወር አበባ ያላየች ትንሽ ልጅ እንቁላል ማብሰል አትችልም። ለእርሷ ያለው መንገድ በትንሽ ቀዳዳ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ከኦቫሪዋ ሽፋን ቁራጭ ወይም አንዱን ኦቫሪ ሙሉውን ወስዶ ማቀዝቀዝ፣ ከዳነችና ካደገች በኋላም መልሶ መትከል ነው። ከዚህ ዘዴ የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2004 ቤልጂየም ውስጥ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ማኅበር ዘዴውን ከሙከራ ደረጃ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ጥቅሙ ቀናት ብቻ የሚወስድ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ግን በደም ካንሰር ጊዜ የካንሰር ሴል ከቁራጩ ጋር ተመልሶ ሊገባ መቻሉ ስለሆነ፣ ለእነዚህ ልጆች መልሶ መትከሉ በጥንቃቄ ይታያል ወይም ይቀራል። ብዙ ቁሳቁስና ልምድ የሚጠይቅ በመሆኑ ይህን የሚሠራ ማዕከል መኖሩን ሳያረጋግጡ ልጅን ይዞ መንገድ አይጀመርም።

ማቀዝቀዝ ባይቻል ግን የሚደረገው ነገር አላለቀም። በብዙ ቤተሰብ የሚታየው ስህተት «ገንዘብ የለንም፣ አዲስ አበባም ሩቅ ነው» ብሎ ሁሉንም መተው ነው። የሚከተሉት የማቀዝቀዣ ላብራቶሪ አያስፈልጋቸውም።

ጎሰረሊን የተባለው በየ28 ቀኑ ከሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ኦቫሪውን ለጊዜው ያሳርፈዋል። ከኬሞው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ተጀምሮ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። ጥቅሙ በተለይ በጡት ካንሰር በታመሙ ወጣት ሴቶች ላይ ታይቷል፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ የወር አበባቸው የተመለሰላቸውም የፀነሱትም ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ነገር ግን ማቀዝቀዝ ለሚቻልበት ሁኔታ ምትክ አይደለም፤ ከጨረርም አያድንም፤ ለትንሽ ልጅም አይሠራም። በየፋርማሲው ስለማይገኝ፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ወር መርፌ የሚገኝበትን ቦታ ከመጀመሪያው በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ዴፖ ወይም የወሊድ መከላከያ ክኒን ይህን ሥራ ይሠራል የሚል ወሬ አለ፤ የወር አበባን ማስቆም ኦቫሪን ማዳን ማለት ስላልሆነ አይሠራም።

በዳሌ ላይ ጨረር የሚሰጣት ከሆነ፣ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ኦቫሪዎቹን በቀዶ ሕክምና ከጨረሩ መስመር ወጥተው ወደ ላይ እንዲሰፉ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁልጊዜ ባይሳካም የሚጠየቀው ግን ሁልጊዜ ነው። ዕጢው በአንድ ኦቫሪ ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ፣ በወጣቶች ላይ በሚታየው ከእንቁላል ሴል በሚነሳ ካንሰር ጊዜ፣ የታመመውን ብቻ አውጥቶ ሌላውንና ማኅፀኑን መተው የተለመደ ሕክምና ነው። ገና በጅምር ላይ ባለ የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰርም የማኅፀኑን በር ብቻ ቆርጦ ማኅፀኑን ማትረፍ የሚቻልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ስለዚህ ልጅቱ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቷ በፊት፣ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ከመፈረም በፊት፣ «የምታወጡት የትኛውን ነው? የሚተርፈውስ?» ተብሎ ይጠየቅ። በአንድ ፊርማ የሚጠፋ ነገር በኋላ በምንም አይመለስም።

አራተኛ፦ ወረቀቱንና ጉዞውን ያዘጋጁ

አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነትና የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል ከፍቷል፤ የግል ማዕከላትም አሉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ከመጀመር በፊት ሐኪሙ ራሱ ወደ ማዕከሉ ስልክ እንዲደውል መለመን ይገባል፤ የሐኪም ስልክ ከታማሚ ጉዞ ይቀድማል። የሚጠየቁት አራት ነገሮች ናቸው፦ ለካንሰር ታማሚ እንቁላል ታቀዘቅዛላችሁ ወይ? በዚህ ሳምንት መቀበል ትችላላችሁ ወይ? ጠቅላላ ዋጋው ከመድኃኒቱ ጋር ስንት ነው? የዓመት የማስቀመጫ ክፍያውስ? የመጨረሻው ጥያቄ ይረሳል፤ ነገር ግን ለ15 ዓመት ልጅ የተቀመጠ እንቁላል ከ10 ዓመት በላይ ክፍያ ሊጠይቅ ስለሚችል ማን እንደሚከፍል ዛሬ መታወቅ አለበት።

ይዘው የሚሄዱት ወረቀት የናሙና ምርመራው ውጤት፣ የታቀደው መድኃኒት ዝርዝር ከነመጠኑ፣ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ፣ የአልትራሳውንድ ወይም የሲቲ ስካን ውጤትና የልብ ምርመራ ካለ እርሱም ነው። የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም የቂጥኝ ምርመራ ብዙ ላብራቶሪዎች አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ ባሕር ዳር ላይ ማስመርመሩ ቀን ይቆጥባል። የሄሞግሎቢንና የደም አርጊ ሴል መጠን በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ እንቁላል መውሰድ አደገኛ ስለሚሆን ይህም ከጉዞው በፊት ይታይ። ማረፊያን በተመለከተ፣ የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ማነጋገር ብዙዎች የማያውቁት በር ነው፤ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ የሚያመቻቹ በጎ አድራጎት ማኅበራትን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

አምስተኛ፦ ልጅቱን ያነጋግሩ

ይህን ክፍል መዝለል የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። «ገና ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» ይባላል። ነገር ግን የ13 ዓመት ልጅ ስለ ገላዋ የሚደረገውን የማወቅ መብት አላት፤ ከጀርባዋ የተደረገ ነገር ደግሞ ካደገች በኋላ በወላጆቿ ላይ ያላትን እምነት ይሰብራል። እናት ወይም ታላቅ እህት በቀላል አማርኛ ልትነግራት ትችላለች፦ «ልጄ፣ የሚሰጥሽ መድኃኒት በሽታውን ይገድላል፤ ግን ወደፊት ልጅ የምትወልጅበትን ነገር ሊጎዳብሽ ይችላል። ያን እንዳይጎዳው ሐኪሞቹ የሚያደርጉት ነገር አለ። አንቺ ምን ትያለሽ?» ከዚያ ዝም ብሎ መስማት ነው። ሐኪሙ ወይም ሲስተር ልጅቱን ለብቻዋ የምታነጋግርበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣት፤ አባቷ ፊት የማትጠይቀው ጥያቄ ይኖራታልና።

ባል ያላት ወጣት ከሆነች ውሳኔው የእርሷ ነው፤ የአማት ወይም የባል ጭንቀት ሊሰማ ይችላል እንጂ ሊያዝዝ አይገባም። እምቢ ማለትም ውሳኔ ነው። በሽታው ካልተሸነፈና ታማሚዋ ካረፈች የተቀመጠው እንቁላል ወይም ቁራጭ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ አንቀጽ በፈቃድ ቅጹ ላይ ይገኛል፤ ማንበብ ይከብዳል፣ ሆኖም ባዶ አይተዉት።

ስድስተኛ፦ በሕክምናው ወቅት

የወር አበባ ቢቆምም ማርገዝ ይቻላል፤ በኬሞ ላይ የተፀነሰ ፅንስ ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ያገባች ሴት መከላከያ ትጠቀም። የጡት ካንሰር ላለባት ሆርሞን ያለው መከላከያ ስለማይፈቀድ ሆርሞን የሌለው ሉፕ ወይም ኮንዶም ይመረጣል፤ ሉፕ የሚገባው ግን የደም ሴሎቿ ዝቅ ባሉበት ሳምንት መሆን የለበትም። ጎሰረሊን የምትወጋ ከደሴት ወይም ከገጠር የመጣች ታማሚ የ28 ቀኑን ቀጠሮ ከኬሞው ቀን ጋር ብታጋጥመው አንድ ጉዞ ይቀርላታል።

ሰባተኛ፦ ከሕክምናው በኋላ

በልጅነቷ የታከመች ልጅ 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ማጎጥጎጥ ካልጀመረ፣ ወይም 15 ዓመት ሆኗት የወር አበባ ካላየች፣ ወደ ሐኪም ትወሰድ። ኤፍ ኤስ ኤችና ኤ ኤም ኤች የተባሉ የደም ምርመራዎች የኦቫሪውን ሁኔታ ያሳያሉ። ኦቫሪዋ ሥራ ካቆመ፣ ሆርሞን የማያስከለክል የካንሰር ዓይነት እስከሆነ ድረስ፣ የሚተካ ሆርሞን መውሰድ አለባት፤ የሚፈለገው ለመውለድ ሳይሆን አጥንቷና ልቧ እንዳይጎዱ ነው።

ለመፀነስ የሚፈቀደው ጊዜ እንደ በሽታው ይለያያል፤ ከኬሞ በኋላ ቢያንስ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት መጠበቅ የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ሐኪሞች በሽታው ሊመለስ በሚችልበት ጊዜ ምክንያት 2 ዓመት ይመክራሉ። ታሞክሲፈን የተባለውን የጡት ካንሰር ክኒን የምትወስድ ሴት ከመፀነሷ በፊት መድኃኒቱን አቋርጣ 3 ወር ያህል መቆየት አለባት፤ ይህንንም ከሐኪሟ ጋር ሳትመክር አታድርገው። ዶክሶሩቢሲን የወሰደች ወይም ደረቷ ላይ ጨረር ያረፈባት ከእርግዝናው በፊት የልብ አልትራሳውንድ ትነሳ። ዳሌዋ ላይ ጨረር ያረፈባት ሴት ደግሞ የእርግዝና ክትትሏ በጤና ጣቢያ ሳይሆን በሆስፒታል ይሁን። «ልጁም ካንሰር ይይዘዋል» የሚለው ፍርሃት በቤተሰብ የሚተላለፍ የካንሰር ዓይነት ካልሆነ በቀር መሠረት የለውም።

ከዓመታት በኋላ እነዚህን ውሳኔዎች የሚወስነው ሐኪም ዛሬ ያከማት ላይሆን ይችላል፤ የሆስፒታል ካርድም ይጠፋል። ስለዚህ ሕክምናው ባለቀበት ቀን የበሽታው ስም፣ የተሰጠው እያንዳንዱ መድኃኒት ከነጠቅላላ መጠኑ፣ የጨረሩ ቦታና ግሬይ፣ የተቀመጠ እንቁላል ካለም የማዕከሉ ስምና የመለያ ቁጥሩ በአንድ ገጽ ተጽፎና ተፈርሞ እንዲሰጥ ይጠይቁ። አንዱን ቅጂ ልጅቱ ራሷ ትያዘው፤ ሌላው ከልደት የምስክር ወረቀቷ ጋር ይቀመጥ፤ ፎቶውም በሁለት ሰው ስልክ ላይ ይኑር።